ዝናብ ለአውሎ ነፋስ ጉልበትም ልጓምም ነው

በሞቃታማ ውቅያኖሶች ላይ የሚነሳ አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከውሃ ነው። በአትላንቲክና በምሥራቅ ፓስፊክ ሀሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ቢባልም አፈጣጠሩ አንድ ዓይነት ነው። የባሕሩ ውሃ ይተናል፤ ትነቱ ከፍ ሲል ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ደግሞ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ስለ አውሎ ነፋስ ሲወራ ዋናው ነገር ነፋሱ፣ ዝናቡ ግን ነፋሱ አስከትሎት የሚመጣ ነገር ተደርጎ ይታያል። ሳይንሱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ነፋሱን የሚያስነሳው ዝናቡ የሚፈጠርበት ሂደት ራሱ ነው። ያው ዝናብ ወደ ታች በሚወርድበት ጊዜ መልሶ ነፋሱን ያደክማል፤ ባሕሩ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ እንደገና ሊያበረታው ይችላል። አንድ አውሎ ነፋስ ምን ያህል እንደሚበረታ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የእነዚህ ተቃራኒ ሥራዎች ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። አውሎ ነፋስ እንዲፈጠር የባሕሩ የላይኛው ውሃ በአብዛኛው 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። ከዚህ ሞቃት ውሃ አንድ ኪሎ ግራም በተነነ ቁጥር 2.5 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ሙቀት ከባሕሩ ይዞ ይወጣል። ይህ ሙቀት በቴርሞሜትር አይታይም፤ በትነቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ስውር ሙቀት የሚሉት። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ወደ ውሃ ጠብታነት ይመለሳል፤ የደበቀውን ሙቀትም በዙሪያው ላለው አየር ይለቃል። የሞቀ አየር ስለሚቀል የበለጠ ሽቅብ ይወጣል። ከሥሩ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን ግፊት ለመሙላት ከዙሪያው ሌላ እርጥብ አየር በባሕሩ ገጽ ላይ ይጎርፋል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትዞር ይህ የሚጎርፍ አየር ቀጥ ብሎ ወደ መሐል አይገባም፤ ይጠማዘዛል። ነፋሱ በፈጠነ ቁጥር ትነቱ ይጨምራል፣ ትነቱ በጨመረ ቁጥር የሚለቀቀው ሙቀት ይበዛል፤ አንዱ ሌላውን ያጠናክራል።

የዝናቡ መጠን የሚናገረው ነገር እዚህ ላይ ነው። መሬት ወይም ባሕር ላይ የወረደ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ዝናብ፣ ስውር ሙቀቱን ላይ ትቶ ነው የመጣው። ስለዚህ ዝናቡን የለካ ሰው የአውሎ ነፋሱን የሙቀት ገቢ ለካ ማለት ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ያወጣው የታወቀ ስሌት አለ። አንድ መካከለኛ ሀሪኬን 665 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ በቀን በአማካይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ያወርዳል ተብሎ ቢታሰብ፣ ዝናቡ ሲፈጠር የሚለቀቀው ኃይል 600 ትሪሊዮን ዋት ይሆናል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 110 ሺህ ጊዜ ተባዝቶ እንኳ እዚህ ቁጥር ላይ አይደርስም። ከዚህ ሁሉ ኃይል ግን ወደ ነፋስነት የሚለወጠው እጅግ ጥቂቱ ነው፦ በዚያው ስሌት መሠረት 1.5 ትሪሊዮን ዋት፣ ማለትም ከ400 አንዱ እጅ። ከተሞችን የሚያፈርሰው፣ መርከብ የሚገለብጠው ነፋስ ከዝናቡ የሙቀት ኃይል የተረፈ ፍርፋሪ ነው። ከዚህ የተነሳ በዝናቡ አሠራር ላይ የሚመጣ ትንሽ ለውጥ ነፋሱ ላይ ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ታዲያ ዝናብ የበዛበት አውሎ ነፋስ ሁሉ ብርቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይወስናል። የበረታ አውሎ ነፋስ መሐሉ ላይ ጸጥ ያለ፣ ደመናው የሳሳ ዓይን አለው። ዓይኑን የከበበው ቀጥ ብሎ የቆመ የደመና ግድግዳ ነው፤ ከሁሉ የበረታው ነፋስና ከሁሉ የከበደው ዝናብ ያለው እዚያ ነው። ከግድግዳው ውጭ ደግሞ እየተጠማዘዙ ወደ መሐል የሚገቡ ረጃጅም የዝናብ መስመሮች አሉ። ከባዱ ዝናብ በግድግዳው ውስጥ፣ በተለይ ነፋሱ ከሚበረታበት ክብ ወደ ውስጥ ባለው በኩል ሲሆን፣ የሚለቀቀው ሙቀት መሐሉን ያሞቃል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ነፋሱም ይጠነክራል። ያው ዝናብ ራቅ ብለው ባሉት መስመሮች ላይ ሲበዛ ግን ወደ መሐል ይገባ የነበረውን እርጥብ አየር መንገድ ላይ ይቀማል። ያን ጊዜ አውሎ ነፋሱ በስፋት ያድጋል እንጂ በብርታት አያድግም፤ አንዳንዴም ይዳከማል።

ይህን ከመሬት ሆኖ ማየት ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። የአየር ጠባይ ተመራማሪዎቹ ሄርበርት ሪልና ጆአን ማልከስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጥናት፣ ሙቀትን ከባሕሩ ገጽ ወደ ከባቢ አየሩ ጣሪያ የሚያደርሱት በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ ግን እጅግ ረጃጅም የዝናብ ደመናዎች መሆናቸውን አመለከቱ። እነዚህን ደመናዎች የሙቀት ማማዎች ብለው ጠሯቸው። ጆአን ማልከስ በኋላ ጆአን ሲምፕሰን በሚለው ስም የታወቀች፣ በአሜሪካ በሚቲዎሮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ዲግሪዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1949 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ዝናብን ከሕዋ የሚለካ ራዳር የተገጠመለትን የመጀመሪያ ሳተላይት ሳይንሳዊ ሥራ መርታለች። ሳተላይቱ በአሜሪካና በጃፓን ትብብር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 መጥቆ እስከ 2015 ሠርቷል። በወጣትነቷ በወረቀት ላይ ያሰላችውን ደመና በስተርጅና በራዳር ምስል ለማየት መብቃቷ በሳይንስ ታሪክ ብዙ የማይገጥም ነገር ነው።

ሳተላይቱ ከመጠቀ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1998፣ ሀሪኬን ቦኒ በአትላንቲክ ላይ እየበረታ ሳለ በላዩ አለፈ። ራዳሩ ያየው ከዓይኑ አጠገብ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ከፍታ የወጣ የዝናብ ደመና ነበር፤ ከራስ ዳሽን ተራራ አራት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተሰበሰቡ ብዙ ምስሎችን ያጠኑ የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ውጤት፣ በዓይኑ ግድግዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ማማ የታየበት አውሎ ነፋስ በሚቀጥሉት ስድስት ሰዓታት የመበርታት ዕድሉ ካልታየበት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል መሆኑን ገለጹ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከአንድ ማማ ይልቅ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የከበበ የዝናብ ቀለበት ይበልጥ አስተማማኝ ምልክት መሆኑን አሳይተዋል። በአንድ ጎን ብቻ የሚዘንብ ከሆነ ሙቀቱ ሚዛን ያጣል፤ ዙሪያውን እኩል ከዘነበ ግን መሐሉ በፍጥነት ይሞቃል።

ይህ እውቀት የሚያስፈልገው አውሎ ነፋስ ድንገት የሚበረታበት ጊዜ ስላለ ነው። ሀሪኬን ኦቲስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ አጠገብ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከተራ አውሎ ነፋስነት ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም ወደ አምስተኛው ወጣ። የትንበያ ሞዴሎች ይህን አላዩትም ነበር። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት የአካፑልኮ አካባቢ ለመዘጋጀት የቀረው ሰዓት እጅግ አጭር ሆነ። የአውሎ ነፋስን መንገድ መተንበይ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል፤ ብርታቱን መተንበይ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዱ ምክንያት በግድግዳው ውስጥ የሚሆነው ነገር፣ ጠብታዎች የሚፈጠሩበት፣ በረዶ የሚሆኑበት፣ የሚቀልጡበትና የሚወርዱበት ሁኔታ፣ ኮምፒዩተር ሊያሰላው ከሚችለው በላይ የረቀቀ መሆኑ ነው።

እስካሁን የተነገረው ዝናብ ጉልበት የሚሰጥበት ነው። ልጓም የሚሆንበት መንገድ ደግሞ ከአንድ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ከደመናው ሥር ይጀምራል። ጠብታው ወደ ታች ሲወርድ ደረቅ አየር ካገኘ ከፊሉ እንደገና ይተናል። ለመትነን ደግሞ ያንኑ 2.5 ሚሊዮን ጁል መልሶ መውሰድ አለበት፤ የሚወስደውም ከዙሪያው አየር ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ባሕሩ ገጽ ቁልቁል ይወርዳል። ጠብታዎቹም በክብደታቸው እየጎተቱ ያወርዱታል። ይህ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ወደ መሐል ከሚጎርፈው ሞቃት እርጥብ አየር ጋር ይቀላቀልና ያበርደዋል። ዓይኑ ጋ ሲደርስ እንደ በፊቱ ሽቅብ ለመውጣት አቅም አይኖረውም። አየሩ ከባሕሩ ሙቀት እየወሰደ እስኪያገግም ድረስ ጊዜ ያልፋል። በዚህም የተነሳ አውሎ ነፋስ በእርጥብ አየር ተከብቦ ሲጓዝ ይበረታል፤ ከበረሃ የመጣ ደረቅ አየር ሲገባበት ይዳከማል። ወደ የመንና ወደ ሶማሊያ ጠረፍ የሚያመሩ ብዙ ሳይክሎኖች የብስ ከመርገጣቸው በፊት ከሚከስሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዐረቢያ ምድር የሚነፍሰው ደረቅ አየር ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። ጋቲ የተባለችው ሳይክሎን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ አጠገብ በግማሽ ቀን ውስጥ ፍጥነቷ ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወጣ። እንዲህ በርትቶ ሶማሊያን የመታ አውሎ ነፋስ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም።

ሁለተኛው ልጓም ለረጅም ጊዜ ትኩረት ያልተሰጠው ነው፤ የጠብታዎቹ ሰበቃ። ከሪ ኢማኑኤል የተባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1986 አውሎ ነፋስን እንደ ሙቀት ሞተር የሚያይ ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ሞተሩ ከታች ከሞቃቱ ባሕር ሙቀት ይቀበላል፤ ከላይ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው የከባቢ አየር ክፍል ያስወግደዋል። ባሕሩ 28 ዲግሪ፣ ላይኛው አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቢሆን፣ ከተቀበለው ሙቀት ሲሶው ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችልበት የላይ ወሰን ይገኛል። ከዚህ ተነስቶ አንድ ባሕር ሊያስነሳው የሚችለው ትልቁ የነፋስ ፍጥነት ይሰላል። ስሌቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁንና በእውነተኛው ዓለም ብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች እዚያ ወሰን ላይ አይደርሱም።

ስሌቱ ነፋሱ ኃይሉን የሚያጣው ከባሕሩ ገጽ ጋር ሲፋተግ ብቻ ነው ብሎ ይነሳል። ነገር ግን ሞተሩ የሚያነሳው አየር ብቻ አይደለም፤ ውሃም ያነሳል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ አምስት ኪሎ ሜትር ከፍ ለማድረግ 49 ሺህ ጁል ያስፈልጋል። ያ ውሃ ጠብታ ሆኖ ሲወድቅ ምን ይሆናል? በባዶ ሕዋ ቢሆን ኖሮ ባሕሩን የሚመታው ለድምፅ በተጠጋ ፍጥነት፣ በግምት በሰከንድ 300 ሜትር እየበረረ ነበር። በአየር ውስጥ ግን ትልቁ ጠብታ እንኳ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። የቀረው ኃይል በሙሉ በመንገድ ላይ ከአየሩ ጋር ሲፋተግ ጠፍቷል። 49 ሺህ ጁል ከ2.5 ሚሊዮኑ ጋር ሲተያይ ሁለት በመቶ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ንቆ ለመተው ይገፋፋል። ወደ ነፋስ የሚለወጠው ኃይል ራሱ ከዚያ ያነሰ መሆኑ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ሰበቃ በኢማኑኤል ሞተር ውስጥ ጨምረው ሲያሰሉ፣ የሚጠበቀው የነፋስ ፍጥነት ከ10 እስከ 30 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ውጤቱም ከእውነተኞቹ አውሎ ነፋሶች ጋር ይበልጥ ተቀራረበ። አንድ ጠብታ ምንም አይደለም፤ ቁጥር የሌላቸው ጠብታዎች በአንድ ላይ ሲወርዱ ግን ከሀሪኬን ላይ አንድ ሙሉ ደረጃ ሊቀንሱ ይችላሉ።

ዝናቡ ባሕሩ ላይ ሲያርፍ ታሪኩ እንደገና ይዞራል። ብርቱ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይኛው ሞቃት ውሃ ጋር ይቀላቀላል። አውሎ ነፋሱ ባለፈበት መንገድ የባሕሩ ሙቀት በጥቂት ዲግሪዎች ስለሚወርድ በሳተላይት ምስል ላይ ቀዝቃዛ ፈለግ ሆኖ ይታያል። በዝግታ የሚጓዝ ወይም አንድ ቦታ የሚቆም አውሎ ነፋስ የራሱን ምግብ በራሱ ያበላሻል ማለት ነው። እዚህ ላይ የዝናብ ውሃ ጣልቃ ይገባል። ጨው የሌለው ውሃ ከጨዋማው ይቀላልና ከላይ ይንሳፈፋል፤ በባሕሩ ላይ እንደ ክዳን ሆኖ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ እንዳይወጣ ያግዳል። የላይኛው ውሃ እንደሞቀ ስለሚቆይ አውሎ ነፋሱ መመገቡን ይቀጥላል። በአሜሪካ የፓስፊክ ሰሜን ምዕራብ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠራው ካርቲክ ባላጉሩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ ያለ ንጣፍ ባለበት ባሕር ላይ የሚያልፉ አውሎ ነፋሶች የሚበረቱበት ፍጥነት ንጣፉ ከሌለበት በ50 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

ንጣፉን የሚሠራው የቀድሞ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ትላልቅ ወንዞችም ይሠሩታል። የጋንጀስና የብራህማፑትራ ውሃ በሚገባበት በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ፣ የአማዞንና የኦሪኖኮ ውሃ በሚደርስበት በምዕራብ አትላንቲክ ንጣፉ ሰፊ ነው። አውሎ ነፋሱ ራሱ የሚያወርደው ዝናብ በዚያው ሰዓት የሚኖረው ውጤት ግን መጠነኛ ነው፤ በዓይኑ ግድግዳ ሥር ያለው ማዕበል ንጹሑን ውሃ ወዲያው ስለሚያማስለው ነው። ሳምንታትና ወራት ቀድሞ የዘነበው ዝናብ የበለጠ ጉዳይ አለው። በምዕራብ ፓስፊክ የላይኛው ባሕር ጨዋማነት በዝናብ መብዛት እየቀነሰ መሄዱና ይህም ለብርቱ ታይፉኖች ምቹ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት ተመልክቷል።

የብስ ላይ የወረደ ዝናብም ሥራ አለው። አውሎ ነፋስ መሬት ሲረግጥ የውሃ ምንጩ ስለሚቋረጥ በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይከስማል። ነገር ግን መሬቱ ቀድሞ በዘነበ ዝናብ የራሰና የሞቀ ከሆነ የሚወጣው ትነት ለጊዜው ባሕሩን ሊተካ ይችላል። ኤሪን የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 ከቴክሳስ ጠረፍ ገብቶ ከተዳከመ በኋላ፣ ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ በኦክላሆማ ሜዳ ላይ በድንገት በረታ፤ ዓይንም አወጣ። በዚያ ዓመት ኦክላሆማ ከወትሮው ለየት ያለ ዝናብ አግኝታ አፈሯ ውሃ የጠገበ ነበር።

ዝናብ የነፋሱን ብርታት የሚቆጣጠር ከሆነ፣ ዝናቡን በመነካካት ነፋሱን ማብረድ ይቻል ይሆን? የአሜሪካ መንግሥት ይህን ከእ.ኤ.አ. 1962 እስከ 1983 ስቶርምፉሪ በተባለ ፕሮጀክት ሞክሮታል። ሐሳቡ ብልህ ነበር። አውሮፕላኖች ከዓይኑ ግድግዳ ውጭ ባለው ደመና ላይ ሲልቨር አዮዳይድ ይረጫሉ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ገና ያልረጋው የደመና ውሃ በረዶ ይሆናል፤ የሚለቀቀው ሙቀት ውጭ ያለውን ዝናብ ያጠናክራል፤ ከዚያም ሰፋ ያለ አዲስ ግድግዳ ተሠርቶ የውስጡን እርጥበት ይቀማል፤ ክቡ ሲሰፋ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 ሀሪኬን ዴቢ ላይ በሁለት ቀናት ተረጨ። በመጀመሪያው ቀን የነፋሱ ፍጥነት 30 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ተስፋው ከፍ አለ።

ተስፋውን ያፈረሰው ተጨማሪ ምርምር ነው። በሀሪኬን ደመና ውስጥ ገና ያልረጋ ቀዝቃዛ ውሃ በጣም ጥቂት፣ ተፈጥሯዊ በረዶ ግን ብዙ ሆኖ ተገኘ፤ የሚረጨው ነገር የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ አልነበረም። ይባስ ብሎ፣ ብርቱ አውሎ ነፋሶች ማንም ሳይነካቸው ውጭ አዲስ ግድግዳ እየሠሩ አሮጌውን እንደሚጥሉ፣ በዚያን ጊዜም ነፋሳቸው ለጥቂት እንደሚቀንስ ታወቀ። ዴቢ በራሷ ጊዜ ተዳክማ ይሆናል። ፕሮጀክቱ ቢዘጋም ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ለእሱ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገዙት የምርምር አውሮፕላኖች ለአሥርት ዓመታት በየሀሪኬኑ ዓይን ውስጥ እየገቡ ነፋሱንና ዝናቡን ሲለኩ ኖረዋል፤ ዛሬ ስለ ዓይን ግድግዳ የሚታወቀው ብዙው ነገር ከእነዚህ በረራዎች የተገኘ ነው።

ዝናብ ለነፋሱ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ አውሎ ነፋስ የሚመደብበት መለኪያ ስለ ዝናብ አንዳች አይናገርም። ሳፊር ሲምፕሰን የተባለው መለኪያ የሚያየው የነፋስ ፍጥነትን ብቻ ነው፤ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ጀምሮ አንደኛ፣ ከ252 ኪሎ ሜትር ጀምሮ አምስተኛ ደረጃ ይሆናል። ሀሪኬን ሃርቪ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ቴክሳስን ሲመታ አራተኛ ደረጃ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ተዳክሞ ከደረጃው ሁሉ ወረደ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሂውስተንን ያሰጠማት ከተዳከመ በኋላ ነው፤ ቆሞ ለቀናት ዘነበ። ኔደርላንድ በተባለችው የቴክሳስ ከተማ የተለካው ዝናብ 1,539 ሚሊ ሜትር ደረሰ። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሃርቪ በቀጥታ ከገደላቸው 68 ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የሞቱት በጎርፍ ነበር።

የሕንድ ውቅያኖስ ከዚህም የባሰ አይቷል። ፎክ ፎክ በተባለው የሬዩኒየን ደሴት ተራራማ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1966 ዴኒስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ በ24 ሰዓት 1,825 ሚሊ ሜትር ዘንቧል፤ እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ፍሬዲ የተባለው ሳይክሎን ከአውስትራሊያ አቅራቢያ ተነስቶ ውቅያኖሱን በሙሉ አቋርጦ ከአምስት ሳምንት በላይ ቆየ፤ በመንገዱ ላይ ሰባት ጊዜ እየተዳከመ ሰባት ጊዜ በረታ። ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ያደረሰው ግን በመጨረሻ ነፋሱ ደክሞ በማላዊ ላይ ሲቆም ነው። የስድስት ወር ዝናብ በስድስት ቀን ወረደ፤ የብላንታየር ኮረብታዎች ተንደው መንደሮችን ቀበሩ። በማላዊ ብቻ የሞቱትና የጠፉት ከ1,000 በላይ ናቸው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሁለቱንም ወገን ይገፋል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው ትነት በ7 በመቶ ያድጋል። ዓለም በሁለት ዲግሪ ብትሞቅ የአውሎ ነፋሶች ዝናብ በአማካይ በ14 በመቶ፣ የነፋሳቸው ፍጥነት ደግሞ በ5 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የብዙ ጥናቶች ድምር ያሳያል። ዝናቡ ከነፋሱ ቀድሞ እየሮጠ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ከዚህ ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሌላንድን መታ፤ ዝናቡም ወደ ኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ክፍል ዘለቀ። በዚያው ወር መኩኑ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች ወደ ዐረቢያ በረሃ ዘለቁ። ነፋሳቸው ወዲያው ሞተ። ዝናባቸው ግን በአሸዋው መካከል ኩሬ ሆኖ ቆየ፤ በረሃው ለመለመ፤ የበረሃ አንበጣ ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። መንጋው በየመን በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2020 በኢትዮጵያ ማሳዎች ላይ ሲያርፍ፣ አገሪቱ በሩብ ምዕተ ዓመት ያላየችው ወረራ ሆነ። የምሥራቅ አማራንና የሐረርጌን ገበሬ አዝመራ የወሰደው አንበጣ መነሻው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የወረደ የሳይክሎን ዝናብ ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በአገሪቱ በአውሎ ነፋስ በቀጥታ የሞቱትን ሲቆጥር፣ 57 በመቶ የሚሆኑት በዝናብ ጎርፍ፣ 12 በመቶው ብቻ በነፋስ መሞታቸውን አግኝቷል። በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ፣ በኦማን ወይም በሌላ አውሎ ነፋስ በሚያገኘው ጠረፍ የሚኖር ሰው ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ደረጃው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዘንብና አውሎ ነፋሱ ስንት ቀን እንደሚቆም ይጠይቅ። "ወደ አንደኛ ደረጃ ወርዷል" የሚለውን ዜና ሰምቶም ከመጠለያ አይውጣ።